የገና ዱላ በግራ እጅ

ባለፈው ጥር የአበራሽ የልጅ ልጅ ከስዊድን መጣች። ሊያ ትባላለች፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ተወልዳ ያደገችውም እዚያው ነው። ሥራዋን ሰዎች ሲጠይቁ አበራሽ ራሷ በቅጡ ማስረዳት አቅቷት «በረዶ ላይ ትጫወታለች» ብላ ነገረቻቸው። እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች በረዶን የምናውቀው ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። የአንደኛ ፎቋ ወይዘሮ ጸዳለ «ታዲያ ክረምት ክረምት ብቻ ነው የምትሠራው?» ብላ ጠየቀች፤ ከዚያም ብርዱ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን ብላ በሃይላንድ ጠበል ይዛላት መጣች። የአራተኛ ፎቋ ጴንጤ ጎረቤታችን ደግሞ እጇን ጭና ጸለየችላት። ሊያ ሁለቱንም አመስግና ተቀበለች።

እኔና አበራሽ በሊያ ግራና ቀኝ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ስልኳ ላይ አሳየችን። የራስ ቁር ያደረጉ ሴቶች ቢላ በመሰለ ጫማ በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፤ በእጃቸው ጫፉ የጎበጠ ዱላ አለ፤ በዱላው ትንሽ ጥቁር ነገር ይመታሉ። አበራሽና እኔ ከልጅቱ ጭንቅላት በላይ ተያየን። ዱላው የእኛው ገና ነበር። ሊያ የምትጫወተው በአጥቂነት ሲሆን የምትኖረውም በዚሁ ደመወዝ ነው። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ ብዙነሽ፣ አንቺስ ግራ ነሽ ወይስ ቀኝ?» አለችኝ።

አንቺ ማለቷ ቅር አላሰኘኝም፤ እርስዎ ማለትን ማን አስተምሯት። የገረመኝ አጠያየቋ ነው። የጫማ ቁጥሬን የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። በዚህ ዕድሜዬ ያን ጥያቄ እንዲያ ቀለል አድርጎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ሻይዬን ሳነሳ አበራሽ ቀደመችኝ።

«እሷማ ግራ ናት። ካላመንሽ ቅልጥሜን ጠይቂው።»

ስለራሴ ማውራት አልወድም። የዚያን ዕለት ልጅቱ ብዙ ጠየቀችኝ፣ እኔ ጥቂት መለስኩ። የቀረውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ግራ እጅ በቤታችን እንደ መጥፎ ጠባይ ነበር የሚቆጠረው። እናቴ በግራዬ ያቀበልኳትን ዕቃ አትቀበልም፤ እስክቀይር ድረስ እጇን አጣጥፋ ትጠብቀኛለች። አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሬ ግራ እጄን በማስመሪያ ጠርዝ እየመቱ እስክሪብቶውን ወደ ቀኝ አዛወሩት። ስለዚህ በቀኝ እጽፋለሁ፣ በቀኝ እበላለሁ፣ በቀኝ እጨብጣለሁ። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ድንጋይ ስወረውርና በር ስከፍት ግን እጄ ራሱ ያውቃል። ሰው ካላየኝ ግራ ነኝ። ይህን በልጅነቴ ለምጄው ስለነበር ትልቅ ነገር አይመስለኝም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ንፋስ ስልክ በነበረ አንድ የክር ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ያኔ ከጎፋ ወዲህ ያለው አገር እንዲህ አልነበረም። ከዋናው መንገድ አንድ ጊዜ ወረድ ካልን ላፍቶ ገደል ነው፣ ለቡ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው፣ ጀሞ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ሣር ነው። ዛሬ ሚኒባሶች ረዳቶቻቸውን በመስኮት አስወጥተው የሚጮሁበት አደባባይ ያኔ ፀጥ ያለ ነበር፤ ንፋስ ሲነሳ የእኛ ፋብሪካ ሳይረን እስከዚያ ይሰማ ነበር ይላሉ። አውቶቡስ በአሥራ አምስት ሳንቲም ያደርሰናል። ፋብሪካው በር ላይ ፓስቲ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ አንዱ በአሥር ሳንቲም ነው፤ የሁለተኛ ፈረቃ ሴቶች በጋዜጣ ጠቅልለን ስንበላ ቀለሙ ፓስቲው ላይ ይታተምና የዜናውን ግማሽ አብረን እንበላዋለን። ውስጥ ሰማያዊ ቱታ እንለብሳለን፤ ከውጭ ግን ሁላችንም ቴትሮን ቀሚስ ነን፤ ፀጉራችን አፍሮ ነው፤ ማሽኑ ክሩን እያበነነ አፍሯችንን ነጭ ስለሚያደርገው ወደ ቤት ስንሄድ አሮጊት መስለን ነው። አሁን በመስታወት ራሴን ሳይ አንዳንዴ ከፈረቃ የወጣሁ ይመስለኛል።

የሥራ ክፍላችን ማጠንጠኛ ነበር። በረጅሙ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ማሽኖቹ ይሮጣሉ፤ ክር ሲበጠስ ሮጦ ቀጥሎ መቋጠር ነው። አበራሽ ከመካኒሳ የምትመጣ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማ ሴት ነበረች። በአንድ ማሽን ፊት፣ እኔ በግራ እሷ በቀኝ፣ ጎን ለጎን ቆመን እንሠራለን። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሌሎቹ ጥንዶች ክርን ለክርን ይጋጩና ይሰዳደባሉ። እኔና አበራሽ አንጋጭም። እኔ በግራዬ ስለምቋጥር ሁለታችንም ክርናችንን የምናወጣው ወደ ማሽኑ ጫፍና ጫፍ ነው፤ እኔ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ። ይህን የነገረን የለም፤ የክፍላችን አለቃም ቋጠሮው እስካልተፈታ ድረስ በየትኛው እጅ እንደታሰረ ግድ አልነበራትም።

የገና ቡድኑን ያቋቋሙት የስፖርት ኃላፊያችን ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፋብሪካ የሠራተኛ ቡድን ሊኖረው ይገባል ይባል ነበር። ለወንዶች እግር ኳስ ነበር፤ ለሴቶች ምን ይሁን ሲባል ጋሽ ወርቅነህ፣ ያደጉት ገጠር ነውና፣ ገና ይሁን አሉ። ወንዶቹ ሳቁ። ሴት ዱላ ይዛ ሜዳ ስትወጣ ታይቶም አይታወቅ። ጋሽ ወርቅነህ አልመለሱላቸውም፤ የወይራ እንጨት አስመጥተው በእሳት እያለሳለሱ ጫፉን አጎበጡ፤ ከጠፍር ጠንካራ ኳስ፣ ጥንግ የሚባለውን፣ ሰፉ። ሠላሳ ሴቶች ተመዘገብን። ልምምድ ባለበት ቀን ከሥራ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለን እንወጣለን፤ ደመወዝ አይቆረጥብንም። ሸራ ጫማ በነፃ ተሰጠን። ለእኔ ሸራ ጫማው ብቻ ይበቃኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ዱላውን ሳነሳ እጄ የለመደውን አደረገ። ጋሽ ወርቅነህ መጥተው ዱላውን ከእጄ ወሰዱና ወደ ቀኝ ቀየሩልኝ፤ ልክ እንደ አንደኛ ክፍል መምህሬ፣ ግን ሳይመቱኝ። ሁሉም በአንድ በኩል ሲመታ ማን ከየት እንደሚመታ ይታወቃል፣ አንዷ በተቃራኒ ከመታች ግን የሰው እግር ይሰበራል ብለው ለሁላችንም አስረዱ። ትክክል ነበሩ። ስለዚህ በቀኝ ተማርኩ። ሩጫዬ ከሁሉም ይፈጥናል፤ ጥንጓ ላይ ስደርስ ግን ዱላዬ ወይ አፈር ይዝቃል ወይ ነፋስ ይመታል። አንድ ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ሆኜ የውሃ ባልዲ ስጠብቅ ኖርኩ። አበራሽ የፊት አጥቂ ነበረች፤ ግብ አግብታ ስትመለስ ከባልዲዬ ትጠጣና «አንቺ ብዙነሽ፣ ሜዳውን እኮ ከእኔ ይልቅ ያየሽው አንቺ ነሽ» እያለች ታላግጥብኛለች።

ከሳሙና ፋብሪካ ሴቶች ጋር በተጋጠምንበት ቀን ሁለት ሴቶች በሕመም ቀርተው ነበርና ገባሁ። እኩል ነበርን። ሊያልቅ ሲል ጥንጓ ከተጨናነቁት እግሮች መሐል ሾልካ ወደ እኔ መጣች። ሳላስበው እጄ ተቀየረ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ምት መትቼ አላውቅም ነበር፤ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጥንጓ ግብ ገባች። ዱላዬ ግን አልቆመም፤ ዞሮ በሌላ በኩል ለመቀበል እየሮጠች የመጣችውን አበራሽን ቅልጥሟ ላይ አገኛት።

አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበር። ሁለት ወር በጀሶ ተኛች። ጋሽ ወርቅነህ አልተቆጡኝም። ዱላዬን ተቀብለው ከሌሎቹ ጋር በጆንያ ከተቱትና ዓይኔን ሳያዩ ተናገሩ።

«አንቺ ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ። ገና ግን ላንቺ አይሆንም።»

ዱላው ተወስዶ ስመለስ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም። የማስታውሰው በቴትሮን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ግራ እጄን ከትቼ እስከ ቄራ በእግሬ መሄዴን ነው።

አበራሽን ልጠይቅ መካኒሳ የሄድኩት በሳምንቱ ነው፤ ቀድሜ መሄድ አቃተኝ። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። እናቷ ብርቱካኑን ተቀብለው፣ ቁጭ በይ አሉኝ። አበራሽ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ሬዲዮ ታዳምጣለች። ይቅርታ አልኳት። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ያኔ የሬዲዮ ዘፈን ተመልሶ አይገኝም ነበርና ማንም አያቋርጥም።

«ስሚ» አለችኝ በመጨረሻ። «የመታሽኝ ግራ ስለሆንሽ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ከየት እንደምትመቺ ስላላወቅኩ ነው። ማሽኑ ጋ አንድም ቀን ነክተሽኝ ታውቂያለሽ? እዚያ እጅሽን አውቀዋለሁ። ሜዳ ላይ ደብቀሽው እንዴት ልጠንቀቅ?»

ከዚያ በኋላ ስለ ብርቱካኑ አወራን። እኔ ግን ወደ ቤት ስሄድ ማሽኑ ጋ የምንቆምበትን እያሰብኩ ነበር። ሰው የማይጋጨው ሁሉም በአንድ እጅ ስለሠራ አልነበረም። የእኔ ክርን የሚወጣበት ቦታ ሰው ስላልነበረበት ነው። ሜዳውን በሐሳቤ ሳልኩት። በሜዳው ግራ ጠርዝ፣ ከኖራው መስመር ጋር ተጠግቼ ብሮጥ፣ ዱላዬ የሚወዛወዘው ወደ መስመሩ ነው። ከመስመሩ ማዶ ደግሞ ማንም የለም።

ሁለተኛ ፈረቃ በምሠራበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ወደ ጀሞ ሣር መውረድ ጀመርኩ። ዱላ ስላልነበረኝ ከአንድ እንጨት ፈላጭ የጎበጠ የወይራ ቅርንጫፍ በስሙኒ ገዛሁ። ጥንግ በጨርቅ ሰፋሁ። ከፋብሪካው ወለል የተጠረገ ብጥስጣሽ ክር ጠይቄ ወስጄ አራት ችካል ላይ ከፊቴ አንድ ከኋላዬ አንድ ወጠርኩ፤ ቁመቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው። ስመታ ዱላዬ ከኋላም ከፊትም ከክሩ በላይ መነሳት የለበትም። ክሩን ከነካሁ ቆጠራውን ከአንድ እጀምራለሁ። ሃምሳ ሳልነካ እስክመታ ድረስ አልተውም። በመጀመሪያው ቀን ሰባተኛው ምት ላይ ደረስኩ፤ የሥራ ሰዓት ስለደረሰ ብቻ ተመለስኩ። የሽምብራ ማሳ የነበራቸው አንድ አባት ብዙ ቀን በሩቅ ሲያዩኝ ቆይተው አንድ ቀን ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ እባብ ነው እንዴ የምትገድዪው?»

«አይደለም አባባ፣ ሥራ ነው።»

«ሥራ ከሆነ እሺ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ በሬያቸው የነቀለውን ችካል መልሰው ተክለውት አገኘሁ።

ሃምሳ የደረስኩት ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ማንም አላየም። ችካሌን ነቅዬ፣ ክሩን ጠቅልዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። አበራሽ ጀሶዋን ፈትታ ተመልሳ ስለነበር ማሽኑ ጋ ነገርኳት። ከፈረቃ በፊት ልየው አለች። ሣሩ ላይ ቆማ አሥር ጊዜ ስመታ አየች፤ ከዚያ ያንኑ የተሰነጠቀ እግሯን ይዛ በቀኝ ጎኔ መጥታ ቆመች። ቁሚ ብዬ አልጠየቅኳትም። መታሁ። ዱላዬ ከእሷ በተቃራኒ፣ ከሣሩ ሳይነሳ ሄደ። «በቃ፣ እንሂድ» አለች።

ጋሽ ወርቅነህ ጋ አብረን ገባን። ሊሰሙኝ አልፈለጉም፤ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። አበራሽ ካልሲዋን ወደ ታች ሰብስባ ጠባሳውን ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ የተመታሁት እኔ ነኝ። እኔ አልፈራሁ፣ እርስዎ ምን ያስፈራዎታል?»

ወረቀታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሦስት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ ከግራው መስመር አልለቅም። ሁለተኛ፣ ጥንጓ ወደ እኔ ስትመጣ ቡድኑ በሙሉ «ግራ» ብሎ ይጮሃል፤ የራሳችንም የተጋጣሚም ሰው እንዲያውቅ። ሦስተኛ፣ ዱላዬ አንድ ጊዜ የሰው አካል ከነካ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለዘላለም ወጣሁ። «እሺ» አልኩ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከጫማ ፋብሪካ ሴቶች ጋር ነበር፤ ቀኑ የገና ዋዜማ ስለነበር ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ጥንጓ ወደ መስመሩ ወጣች። ከኋላዬ አበራሽ «ግራ» አለች፣ ከዚያ ሁሉም ጮኹ። ያን ቃል ሕይወቴን ሙሉ ሰው እንዳይለው ስጠነቀቅ ኖሬ በአንድ ጊዜ ሃያ ሰው በአደባባይ ሲጠራው ሰማሁ። የተጋጣሚ ተከላካይዋ ሲጮኹ ሰምታለች፣ ግን ትርጉሙን አላወቀችም፤ እንደ ለመደችው በቀኜ መጣች። እኔ በሌላው በኩል፣ ከመስመሩ ጋር፣ ዝቅ አድርጌ መታሁ። ጥንጓ ሣሩን ሰንጥቃ ሄደች፤ ዱላዬ ያገኘው ኖራ ብቻ ነበር። ስመለስ ሸራ ጫማዬ ነጭ ሆኗል። ጋሽ ወርቅነህ ከጆንያው አጠገብ ቆመው ጫማዬን ያዩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ መጀመሪያ የሚያዩት ጫማዬን ነው።

ዘጠኝ ዓመት ተጫወትኩ። ዱላዬ ሌላ ሰው አልነካም። አንድ ቴርሞስ፣ አንድ ብርድ ልብስና ሁለት ሜዳልያ ተሸለምኩ፤ ቴርሞሱ እስከ ልጄ ሠርግ ድረስ ሲያገለግል ቆየ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጨዋታ መጥቶ አይቶኝ ኖሯል፤ ከተጋባን በኋላ ነው የነገረኝ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክሬን እንደገና ወጥሬ ከአንድ ጀመርኩ፤ ሃምሳ ለመድረስ ከመጀመሪያው የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ፣ ግን ደረስኩ። ቡድኑን ያፈረሰው ማንም አልነበረም። ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ ወጡ፣ ሜዳው ታጠረ፣ ዱላዎቹ መጋዘን ገብተው ቀሩ። አንድ ዓመት ገና ሲደርስ የጠራን ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለሊያ በአጭሩ ነበር የነገርኳት፤ ምናልባት አሥር ዓረፍተ ነገር። ልጅቱ አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«እኛ ጋ ግራ ክንፍ ላይ የሚሰለፈው ብዙ ጊዜ ግራ መቺ ነው እኮ» አለች። «እኔም ግራ ነኝ፣ ግራ ክንፍ ነኝ። በሰባት ዓመታችን ነው የሚያስተምሩን። ላንቺ ማን ነገረሽ?»

«ማሽኑ» አልኳት። አልገባትም፤ አበራሽ ብቻ ሳቀች።

«ደሞ ለልምምድ ከሥራ ያስወጡሽ ነበር? ደመወዝ እየከፈሉ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ፕሮፌሽናል ነበርሽ።»

አላውቅም። ያኔ በዚያ ቃል ማንም አይጠራንም ነበር።

በምትሄድበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ሊያ ረጅም ቦርሳዋን ይዛ ወረደችና ከሕንፃችን ሥር ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ ዱላዋን አወጣች። እንደ እኛው ወይራ አይደለም፤ እንደ ላባ ቀላል ነው። አንዲት ብርቱካንማ የፕላስቲክ ኳስ አስፋልቱ ላይ አስቀመጠች። ወይዘሮ ጸዳለ በረንዳዋ ላይ ወጣች፣ የአራተኛ ፎቋም ወጣች። ሰባ ያለፈኝ ሴት ነኝ፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ሰው ሲያየኝ አልወድም። ዱላውን ግን ተቀበልኩ። ስቀበል በቀኝ እጄ ነበር፤ እናቴ እንዳስለመደችኝ። ከዚያ ቀየርኩት።

ይህ አስፋልት ያኔ ችካሌን የተከልኩበት ሣር ይሁን፣ ወይ ሣሩ ከዚያኛው ሕንፃ ሥር ይሁን፣ አላውቅም፤ መለያ የሚሆን ነገር አልቀረም። ሊያ ሁለት ድንጋይ አስቀምጣ ግብ ሠራች። በረኛ ልትሆን ስትቆም አበራሽ ገፋ አደረገቻት።

«ዞር በይ። ይቺን የማውቃት እኔ ነኝ።»

ከዘራዋን ለሊያ ሰጠችና በድንጋዮቹ መካከል ቆመች። ከዚያ ቀሚሷን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋ ያንኛውን እግሯን ወደፊት አወጣችው። ጠባሳው ገርጥቷል፣ ግን አለ። ክሬ ከፊቴና ከኋላዬ የተወጠረ ያህል አየሁት። ሃምሳ ጊዜ መምታት አይቻለኝም፤ አንድ ጊዜ በቂ ነው።

«ግራ» አለች አበራሽ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሕንፃው በሙሉ እንዲሰማ።

ዝቅ አድርጌ መታሁ። እግሯን አልሰበሰበችም።